ሦስተኛዋ እጅ

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ቀን ተቆረጠልን! ታኅሣሥ 4! እልል ልበል ወይስ ልጻፍ? ሁለቱንም አደረግኩ። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ "ምን ሆንሽ?" አለች። "ፍርድ ቤት ጠራን!" ብላት "ውይ፣ በሞትኩት!" ብላ ደረቷን መታች። ፍርድ ቤት ተጠራሁ ብሎ የሚፈነጥዝ ሰው አይታ አታውቅም።

ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። የተማሪ ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ፣ ጋዜጣውን ይዞ። በግራ እጅ ብቻ ገጽ መግለጥ እንዴት እንደሚያናድድ... ላግዝህ ስለው "ተዪኝ"። ተውኩት። በሩ ተንኳኳ። ወዲያው ቀኝ ክንዱ ወደ ጎን ተወረወረ። ባዶው እጅጌ የሻይ ብርጭቆውን መታው። ሻዩ የማሳጥረው ሱሪ ላይ! ያውም የሰው ሱሪ!

"አንተ ሰው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ምን ያስበረግግሃል?"

"በርግጌ አይደለም። ልማድ ነው፣ ሬዲዮ።"

ሬዲዮ እኔ ነኝ። አንዴ ከተከፈትኩ አልዘጋም ለማለት ነው። እሱ ደግሞ ቃል በኩፖን የሚታደል ይመስለዋል።

በር ላይ የቆመው መጥሪያ አድራሹ ነበር። አስፈረመን፣ ሄደ። እኔ ስዘል፣ እልል ስል፣ እሱ ሱሪውን በጨርቅ ሲጠርግ... ከዚያ "የቱ ልማድ?" ብዬ ያዝኩት። ዛሬ ገና አፍታቶ ነገረኝ።

የማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበር። ማሽኑ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ካልተጫኑ ስለቱ አይወርድም። ሁለት እጅህ ቁልፍ ላይ ከሆነ፣ ስለት ስር የሚገባ እጅ ከየት ይመጣል? የሠራው ሰው ብልህ ነው። ግን ሥራ ያዘገያል። አለቃቸው አንዲት የእንጨት ሽብልቅ አስጠረበ። ቀኙ ቁልፍ ላይ ሰክተዋት ተጭናው ትውላለች። ቆራጩ በግራው እየተጫነ፣ በቀኙ ወረቀቱን ያስተካክላል። ሦስተኛዋ እጅ ይሏታል። ተቆጣጣሪ መጣ፣ ደንበኛ መጣ፣ በር ተከፈተ... ቆራጩ በቀኝ እጁ ወደ ጎን ጠረግ! ቁርጥራጩ ወረቀት ውስጥ ትወድቃለች። ማን አየ?

ይህን ያህል ዓመት እንዲያ ሲጠርጋት ኖሮ፣ እጁ ራሱ ከሄደ በኋላም ክንዱ ይጠርጋል። በገዛ ቤቱ! በጎረቤት ማንኳኳት!

ከሁሉ የሚያበግነኝ... ያን ቀን፣ እጁ ስለት ስር ቀርቶ፣ የአምቡላንስ ሰዎች ኮቴ ሲሰማ፣ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "አንሷት!" ነው። እጁን የበላችበትን ይደብቅላት! "ለምን?" ብዬ ስንቴ ጠየቅኩት። "አፌ ለምዶ ነው" ይላል። አነሷት። ሰው ሲደርስ ማሽኑ ደህና፣ ጥፋቱ የሱ።

እና ያቺ ማስታወቂያ። ማተሚያ ቤቱ መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ። ፎቶው ከነስሙ፣ ከስሩ "በሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ አደጋ"። አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ፊት ይቆማል። "እንደዚህ ሰውዬ እንዳትሆኑ" ይባላል። ክስ ሲመሠርት ለጠበቃችን ያላት አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው፦ "ካሳውን እናንተ እንዳወቃችሁ። ያቺን ወረቀት ግን አውርዱልኝ።"

ታኅሣሥ 4። ሱሪውን እየዘፈንኩ አጠብኩት።


ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ኮቱን አወጣሁ። ቀኝ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ ልሰፋው መርፌ ያዝኩ።

"አይሆንም፣ ይንጠልጠል።"

"ዳኛ ፊት እንደ ባንዲራ ልታውለበልበው?"

"አዎ። ላውለበልበው።"

ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ... ጠበቃዋም ደወለች። በነፃ የምትቆምልን ናት፤ ድምጿ የሕፃን ነው፣ ጭንቅላቷ የሽማግሌ። "ጋሼ የሚናገሩትን ይለማመዱ" አለች። አስለማመድኩት። ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳኛ ሆንኩ።

"ከሳሽ፣ ተናገር።"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥፋቱ የኔ አልነበረም።"

"እሺ፣ ቀጥል።"

"ጨረስኩ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እኔን ቢያቆሙኝ እስከ ምሳ ሰዓት አልወርድላቸውም። ለሱ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር። እሷው ናት የምትበቃው።


ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ሻዩን ይዤ ገባሁ። አልነቃም።

ልቡ ነው አሉ። ተኝቶ እያለ።

ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው። እጅጌው እንደተንጠለጠለ።


ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ መጥሪያውን በቦርሳዬ ይዤ። አትሂጂ ያለኝ ሁሉ... ቀኑ የሱ ነው። ማን ይቀመጥለት?

ስሙ ተጠራ። ጠበቃዋ ተነሥታ መሞቱን ተናገረች። ማተሚያ ቤቱ የላከው ጠበቃ፣ ባለ ከረባቱ፣ እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

"ክብርት ዳኛ፣ ከሳሹ በሕይወት የለም። የጠየቀው በዋናነት የደረሰበትን ሕመምና ሥቃይ ነው። ሕመም የግል ነው፤ አይወረስም። ደግሞም የሞተው በልብ ሕመም እንጂ በእጁ አይደለም። መዝገቡ ይዘጋልን።"

አይወረስም! የሌለው ጣቱ ሲቆረጥመው፣ "እዚህ ጋ" እያለ አየሩን ሲያሳየኝ፣ አየሩን የሚያሸው ማን ነበር? ከረባቱ ነው? ብድግ ብዬ ይህንኑ ተናገርኩ። ምናልባት ጮኽኩ። ዳኛዋ "ይቀመጡ፣ ወይዘሮ" አለችኝ። ክፉ አይደለችም፤ መነጽሯን አውልቃ ትንሽ ዓይኗን አሸች። ከዚያ "ወራሾች ካሉ እስከ ጥር 20 በሟች ቦታ ለመተካት ያመልክቱ። ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል" ብላ አዘዘች።

ኮሪደሩ ላይ እንባዬ አልቆም ሲል ጠበቃዋ እጄን ይዛ፦

"እትዬ፣ ይስሙኝ። ጋሼ በሕይወት እያሉ ከሰዋል። ሳይከሱ ቢያርፉ ኖሮ ስለ ሥቃያቸው የምንናገረው ነገር በጣም ያስቸግረን ነበር። አሁን ግን ጥያቄውን አፍ አውጥተው ጠይቀዋል። ዱላ ቅብብል አይተው ያውቃሉ? ሯጩ ወድቋል። ዱላው ግን መሬት አልነካም። እርስዎና ልጅዎ ናችሁ የምታነሡት።"

"ስሮጥ አይተሽኝ አታውቂም እንጂ" አልኳት። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ወይ ጉዴ...


ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

እንዴት ያለ ቀን ነው! ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ መስኮት አራት። ሰውየው አንተን እያናገረ ከኋላህ ያለውን ነው የሚያየው።

"የማን ጉዳይ ነው?"

"የባለቤቴ።"

"ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ።"

"ሞቷል።"

"እንግዲያው ውክልና ያምጡ።"

"ከማን?"

"ከባለጉዳዩ ነዋ።"

"ከሟች?"

"ሲሞት የሰጠዎት የለም?"

"ሲሞት ተኝቶ ነበር፣ ወንድሜ!"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቀድሞ የሰጠኝ ውክልና ነበር፣ አውጥቼ ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "ይሄማ ሰውየው ሲሞት አብሮ ሞቷል" አለ።

"ታዲያ ለምን አምጪ አሉኝ?"

"እኔ ደንቡን ነው የነገርኩዎት።"

ወራሽ መሆኔን የሚመሰክረውን ወረቀት ደግሞ የሚሰጠው መስኮት ሁለት ነው። መስኮት ሁለት ያለችው ሴትዮ መዝገቡ መኖሩን መስኮት አራት ካላረጋገጠ አልሰጥም ትላለች። መስኮት አራት የወራሽነቱን ወረቀት ካላየ አላረጋግጥም ይላል።

"እና እኔ ምን ላድርግ?"

"ይነጋገሩ።"

"ማን ከማን? መስኮት ከመስኮት?"

ከኋላዬ የቆመች ባልቴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "እህቴ፣ አትድከሚ። እኔ የአባቴን ጉዳይ ይዤ ነው። ስጀምር ልጃገረድ ነበርኩ" አለች። ቀልዷን ይሁን እውነቷን እስካሁን አላወቅኩም።

እግሬ አብጧል። እሱ ቢኖር ኖሮ ምን ይል ነበር? "ተዪያቸው፣ ሬዲዮ።" አልተውም!


ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ

ጋሽ ይቅር መጡ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ኮንትራት ሲነሣ "ይቅር"፣ ሐኪም ቤት ሲባል "ይቅር"፣ እግር ኳስ እያዩ እንኳ ኳሱ ለተቃራኒ ሲሄድ "ይቅር" ስለሚሉ በቤተሰቡ ሁሉ ይኸው ቀረባቸው።

ገና ሳይቀመጡ "ይቅርብሽ፣ እህቴ" አሉ።

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"የሞተን ሰው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አትጎትቺው። አፈሩ ሳይደርቅ... ሰው ምን ይላል? ገንዘብ ፈልጋ ነው አይልም?"

ሬዲዮ ዝም አለች! ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ኮቱን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"ይህን እጅጌ ልስፋልህ ብለው 'ይንጠልጠል፣ ዳኛ ፊት ላውለበልበው' አለኝ። ፎቶው አሁንም በር ላይ ተሰቅሏል፣ ጋሼ። እንደሱ እንዳትሆኑ እየተባለ። ወንድምዎ ከሞተም በኋላ እየተሰደበ ነው። ይኼም ይቅር?"

እጅጌውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ኮቱን አጣጥፈው አስቀመጡና ሻያቸውን ሳይጠጡ ወጡ። የተቀየሙኝ ይመስለኛል። ደህና! የሚቀየመኝ ሰው አንድ ጨመርኩ።


ጥር 15፣ ረቡዕ

ገባ! ማመልከቻው ገባ! መስኮት ሁለትና መስኮት አራት በስተመጨረሻ የተነጋገሩት ጠበቃዋ መሐላቸው ቆማ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ስታመላልሳቸው ነው። ልጄ ከምትሠራበት ከተማ በሌሊት አውቶቡስ መጥታ ፈርማ በዚያው ተመለሰች። "እማ፣ አባዬ አፉን ሞልቶ ያልተናገረውን አንቺ ተናገሪለት" አለችኝ መኪና ስትወጣ።

አፍስ እኔ አላጣሁም። የሚሰማኝ ነው የጠፋው።


ጥር 27፣ ሰኞ

ሙጫው ጋ ሄጄ ነበር። የማተሚያ ቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ጣቱ ከሙጫ ጠርቶ አያውቅም፣ ከባለቤቴ ጎንም ተላቆ አያውቅም ነበር። ያን ቀን እዚያው ነበረ። በቀብሩ ቀን ከኔ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው።

"ዳኛ ፊት ሁለት ቃል በቃ። ሽብልቋ ነበረች በል።"

ዓይኑን ወደ መሬት። "እህቴ... የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።"

"እሱስ ልጅ አልነበረውም?"

"አለቃችን አፍ ያበዛ ይወጣል ብሎናል። ሌላ ማተሚያ ቤት የታለ? በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"አሁንም ትሰካላችሁ?"

የጣቱን ሙጫ ፋቀ።

"ትሰካላችሁ፣ አይደል?"

"አዲሱ ቆራጭ... አዎ። ምን ያድርግ?"

እጁን ዘርግቶ እጄን ሊይዝ ሲል ነጠቅኩት። ሙጫ ይሉታል፣ ለእውነት ግን የማይጣበቅ! ይህንንም ፊቱ ላይ አልኩት። አሁን ቤት ገብቼ ሳስበው... ፊቱ እንዴት እንደወደቀ። ተናድጄበታለሁ። አዝኜለታለሁ። የቱ ይበልጣል? አላውቅም።


የካቲት 14፣ ሐሙስ

ግማሹን አሸነፍን። ግማሹን ግን... ኧረ አበግኖኛል።

ዳኛዋ አነበበች፦ ሟቹ በሕይወት ሳለ ጥያቄውን ለፍርድ ቤት ስላቀረበ መብቱ ለወራሾቹ ይተላለፋል፣ ባለቤትና ልጁ በቦታው ይቀጥላሉ። ባለ ከረባቱ ተቃወመ፣ አልተሰማም። እልል ልል ስል ጠበቃዋ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ መጣ። ጥፋቱ የማን ነው? ባለ ከረባቱ ማሽኑ ደህና ነበር የሚለውን ሪፖርት አነበበ።

ዳኛዋ "ማሽኑ ሁለት እጅ ካልተጫነው የማይሠራ ከሆነ፣ እጁ እንዴት ስለት ስር ገባ?" አለች። እሰይ! እኔ ከመጀመሪያው የምለው ይኼንን አይደል?

"በክርኑ ተጭኖት ነው፣ ክብርት ዳኛ። ለመቸኮል ሲል።"

በክርኑ! ቁልፉና ስለቱ መሐል ያለውን ርቀት እኔ በሜትር የምለካ ልብስ ሰፊ አውቀዋለሁ፤ ራሱ ነግሮኝ ጠረጴዛዬ ላይ በጠመኔ አስምሬዋለሁ። ክርንህ ቁልፍ ላይ ሆኖ እጅህ ስለት ስር እንዲደርስ ዝንጀሮ መሆን አለብህ። ተነሥቼ ክርኔን አጥፌ አሳየኋቸው። ፍርድ ቤቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም፤ አየችኝ።

"ራሴ ሄጄ ማሽኑን አያለሁ። የካቲት 26።"

ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ ከሰመ። ለሌባ "እንዲህ ባለ ቀን ቤትህን ልፈትሽ እመጣለሁ" ይባላል? እስከዚያ ያቺን ሽብልቅ አመድ ያደርጓታል። ጠበቃዋን "ዛሬውኑ ለምን አንሄድም?" ብላት "ሥርዓት ነው፣ እትዬ" አለችኝ። መስኮት አራትም ደንብ ነው ብሎኝ ነበር።


የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ቀስ ብዬ ልጻፈው። አንድም ነገር ሳይቀርብኝ።

በሩ ላይ ማስታወቂያዋን አየኋት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። የጉብዝና ፎቶው ነው፤ ሁለት እጅ ያለው። መስታወቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ጠበቃዋ ጎትታ አስገባችኝ።

ውስጡ እንደ ሠርግ ቤት ተጠርጓል። ማሽኖቹ ተወልውለዋል። አለቃው አዲስ ሸሚዝ። ሙጫው ጥጉ ላይ፣ ጠረጴዛው ስር ሊገባ ምንም አልቀረው። አዲሱ ቆራጭ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እንደ ወታደር ቆሟል። ሽብልቅ? የለችም። በቁርጥራጩ ሳጥን ውስጥ እንኳ አንዲት ብጣሽ የለችም። ጠርገዋል።

ዳኛዋ "ያሠሩት" አለች። ቆራጩ ግራ እጁን በግራ፣ ቀኝ እጁን በቀኝ። ስለቱ ወረደ። አንድ እጁን አነሣ፣ አልወርድም አለ። ሁለቱንም ጫነ፣ ወረደ። ባለ ከረባቱ ፈገግ አለ። "እንደሚያዩት፣ ክብርት ዳኛ..."

አለቀ አልኩ በልቤ። ይኸው ነው። ሁለት ዓመት፣ አንድ ሞት፣ ሁለት መስኮት... ለዚህ።

ከኋላችን በሩ ጓ! ብሎ ተከፈተ። ጋሽ ይቅር! ትናንት ደውለው እመጣለሁ ብለው፣ የቀሩ መስሎኝ ነበር፤ አርፍደው፣ እያለከለኩ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው።

የቆራጩ ቀኝ ክንድ ወደ ጎን ተወረወረ። ጠረግ!

ከቁልፉ በላይ ባዶ አየር ጠረገ።

አውቀዋለሁ ያንን ክንድ! ሻይ የሚደፋብኝን ክንድ፣ ጎረቤት ባንኳኳ ቁጥር የሚወረወረውን... የባለቤቴ ክንድ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።

"አሁን ምን አደረጉ?"

"ም... ምንም።"

"ቀኝ እጅዎ ወዴት ሄደ?"

"የትም፣ ክብርት ዳኛ።"

ጸሐፊውን ጠርታ በጆሮው ነገረችው። ሰውየው ወጣ። ከዚያ ከውጭ ኳ! ኳ! ኳ!

የቆራጩ ቀኝ ክንድ ተነሣ። በግራው ቀብ አድርጎ ያዘው! እንደ አመለኛ ሕፃን ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘው። ላቡ በጺሙ ላይ ሲወርድ አየሁ። ያ ምስኪን...

"ምን ነበር የሚጠርጉት?" አለች ዳኛዋ ረጋ ብላ።

አለቃው "ክብርት ዳኛ፣ ሰውየው ትንሽ ድንጉጥ..." ሲል ከጥጉ ድምፅ መጣ።

"ሦስተኛዋን እጅ ነው።"

ሙጫው። ጣቱን በሽርጡ እየጠረገ። ዓይኑን መሬት ላይ እንዳደረገ መጣ፣ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

"ከእንጨት የተጠረበች ሽብልቅ ናት። ዛሬ ጠዋት ነው የወሰዷት። ያስጠረባትም አለቃችን ነው። ያን ቀንም ቁልፉ ላይ ነበረች። እሱ... እሱ 'አንሷት' አለ፣ ያነሣኋት እኔ ነኝ። እጄ ላይ ሙጫ ነበር፤ ተጣብቃብኝ አልላቀቅ አለች። እሱ ደሙ እየወረደ እኔ እንጨት ከእጄ ላይ ስልጥ... እስከ ዛሬ አልተላቀቀችኝም።"

አለቃው "ዋሽቷል!" አለ። ቆራጩ ክንዱን ለቀቀ።

"አልዋሸም" አለ። "እኔም ስጠቀምባት ነው የከረምኩት።"

ጸሐፊው ጻፈ። ሙጫው አጠገቤ ሲያልፍ ያለፈው ቃሌ አፌ ውስጥ መረረኝ። እጁን ያዝኩት። ተጣበቀብኝ፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ ይቅር ግራ ገብቷቸው "ምን አመለጠኝ?" አሉ። ምንም አላመለጥዎትም፣ ጋሼ። ያርፍዱልኝ ሁሌ!


መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ለፍርድ ተቀጥሯል። ሙጫውን ከሥራ አገዱት። ጠበቃዋ የሱንም ይዛለች። ዛሬ ሲሰፉ የዋሉት እጆቼ ናቸው፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁ።

በሩ ተንኳኳ። ወደ ወንበሩ ዞር አልኩ። ማን ይጠርግ? ባዶ ነው።


ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ወረደች! ያቺ ማስታወቂያ ወረደች!

ፍርዱ ባለፈው ሳምንት ተነበበ። ያኔ ያልጻፍኩት ስናገር ውዬ ስናገር አድሬ ነው፤ ሦስት ጎረቤት ድምፅሽ ጠፋ ብሎኛል። ዳኛዋ ረጅም አነበበች፤ ካሳው ለኔና ለልጄ እንዲከፈል፣ ማስታወቂያው እንዲነሣ፣ ሙጫው ወደ ሥራው እንዲመለስ። እኔ ግን አንዲቷን ነው የሰማሁት፦ "ጥፋቱ የሟቹ አልነበረም።" የሱ ዐረፍተ ነገር። ያቺው። በዳኛዋ አፍ። ኮቱን ጉልበቴ ላይ ይዤው ነበር፤ እጅጌውን ጨበጥኩት።

ባለ ከረባቱ ይግባኝ እንላለን ብሎ ነበር። ትናንት ተዉት። ጠበቃዋ "በክርኑ ብለው ለበላይ ዳኛ መድገም አፍረው ነው" አለች።

ዛሬ ሄድኩ፣ እኔና ጋሽ ይቅር። ብሎኖቹን የፈታው ሙጫው ነው። ከስሯ ያለው ግድግዳ ነጭ፣ ዙሪያው ጠይሟል። አለቃው በቦታው የለም፤ አዲሷ አለቃ "ወረቀቱን ምን እናድርገው?" አለችኝ። ማሽኑ ጋ ይዣት ገባሁ፤ ሽብልቅ ቁልፉ ላይ የለችም፣ በር ሲከፈትም ማንም እጁን አላንቀሳቀሰም። ቆራጩ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ግራ እጁን በግራ፣ ቀኝ እጁን በቀኝ፣ ሁለቱንም አሳየኝ። ስለቱ ወረደ። ፎቶው ለብቻው፣ ጽሑፉ ለብቻው። ፎቶውን ሰጠኝ። ጽሑፉ ቁርጥራጩ ውስጥ ወደቀ።

ጋሽ ይቅር ሳጥኑን አጎንብሰው አዩትና "ይኼስ ይቅር" አሉ። መንገድ ላይ እንባ በእንባ ሆነን ሳቅን።

ፎቶው አሁን ከስፌት ማሽኔ በላይ ነው። ኮቱን ሰቅዬዋለሁ፣ እጅጌው እንደተንጠለጠለ።

ድግሱ እሑድ ነው! ሁሉም ይመጣል። ሙጫው ከነልጆቹ፣ ቆራጩ፣ ጠበቃዋ፣ ልጄ ቅዳሜ ማታ ትደርሳለች፣ ጎረቤቷ፣ ያቺ የሰልፏ ባልቴት፣ መስኮት አራት እንኳ ከፈለገ ባለጉዳዩ ራሱ ሆኖ ይምጣ። ጋሽ ይቅርን ግን በጊዜ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። እሺ አሉ፤ አላመንኳቸውም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6፣ ከሰዓት በኋላ። ለሁሉም የማስተላልፈው አንድ ነው፦ በር አታንኳኩ። ክፍት ነው፣ ግቡ።